የኪኑኤ እርሳስና የሰርዲኖቹ ዘጠኝ

ኪኑኤ ናጋኦ እርሳሷን በክር አስራ አንገቷ ላይ ማንጠልጠል ከጀመረች አርባ ዓመት አልፏታል። በካጊኡራ ወደብ ይህን የማያውቅ ሰው የለም፤ ምክንያቱን የሚያውቅ ግን አልነበረም። ፀጉር አስተካካዩ ኢዋኦ "እንዳንሰርቃት ነው፤ እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ አስቤው ነበር" ይላል። ከአኩሪ አተር አይብ መሳይ ቶፉ የሚሠራው ገንጎ ደግሞ "እርሳሱ እንዳያመልጣት ነው፤ እኔም የሷ እርሳስ ብሆን እሸሽ ነበር" ብሎ ይስቃል። እሷ ስትጠየቅ "እጄ እንዲቀርበው ነው" ትልና ወደ መዝገቧ ታቀረቅራለች።

መዝገቡ የካጊኡራ ሰርዲኖች ነው። ሰርዲኖች የወደቡ የቤዝቦል ቡድን ናቸው። ዓሣ ነጋዴው፣ ፖስተኛው፣ ጀልባ ሠሪው ጎሕ ሲቀድ ሜዳ ወርደው ይጫወታሉ፤ ሁለት ሰዓት ሲሆን ላባቸውን ጠርገው ወደየሥራቸው ይበተናሉ። ኪኑኤ በማትሱያማ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ተምራ፣ በከተማው ጽሕፈት ቤት ሠላሳ አራት ዓመት የሰነድ ክፍል ኃላፊ ሆና የኖረች ሴት ናት። ወደ ሜዳ ያወረዳት የቤዝቦል ፍቅር አልነበረም። ያገባች ሰሞን ለባሏ ለሹዞ የሩዝ ቁርስ ይዛ ስትሄድ፣ የዚያን ጊዜው መዝጋቢ ሌሊቱን ሳኬ ሲጠጣ ያደረ ሰው ኖሮ፣ ከትከሻው በላይ አጮልቃ ብታይ በአንድ ዙር አራት ሰው "ወጣ" ብሎ ጽፏል። ሦስት ሰው ሲወጣ ዙሩ እንደሚያልቅ የካጊኡራ ድመት እንኳ ያውቃል።

"ይቅርታ፣ አንድ ሰው በዝቶብዎታል" አለችው።

"እንግዲያው ራስሽ ቁጠሪያቸው!" ብሎ እርሳሱን እጇ ላይ ጣለላት።

ይኸው እስከ ዛሬ ትቆጥራለች። ሠላሳ አንድ መዝገብ ሞልታ ሠላሳ ሁለተኛውን ጀምራለች።

የመዝጋቢ ሥራ ከውጭ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። መቺው ኳሱን መትቶ፣ ሮጦ ቤዝ ከሚባለው ማረፊያ ላይ ከደረሰ፣ ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፤ በራሱ ብርታት ደረሰ ወይስ ተከላካዩ ኳሱን ስላበላሸ? በራሱ ብርታት ከሆነ "ምት" ይባልና ለመቺው ይቆጠርለታል። ተከላካዩ ካበላሸው "ስህተት" ይባልና መቺው ምንም አያገኝም። ይህን የሚወስነው መዝጋቢው ነው። ዳኛ እንኳ አይገባበትም። ኪኑኤ በጀመረች በሁለተኛው ሳምንት ለባሏ አንድ አጠራጣሪ ምት ጻፈችለት። ከተጋጣሚው በኩል አንዱ ተነሥቶ "የሚስት እርሳስ ለስላሳ ነው!" ብሎ ጮኸ። ሜዳው በሙሉ ሳቀ። ሹዞም ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ በማግሥቱ ከወረቀት መደብር ያለውን ጠንካራ እርሳስ ሁሉ ገዝታ ገባች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ኳስ አጠራጣሪ ሲሆን፣ የመታውም ሹዞ ከሆነ፣ መልሱ ይታወቅ ነበር። "ስህተት።" ሊከራከራት የመጣ ሁሉ የሚያገኘው አንዲት ቃል ነበረች፤ "አይቻለሁ።" ሹዞ ባሕር ዳር ባለው የሕዝብ መታጠቢያ ቤት ሙቅ ውኃ ውስጥ አገጩ ድረስ ሰምጦ "ከወርዋሪው ይልቅ የምፈራው የሚስቴን እርሳስ ነው" ሲል ጎረምሶቹ በሳቅ ውኃ ይጠጡ ነበር።

ሹዞ ባለፈው ኅዳር ሞተ። ኪኑኤ ጠዋት ጠዋት ፎቶው ፊት ሩዝ ስታኖር የጨዋታውን ውጤት ትነግረዋለች፤ ሰርዲኖች ሲሸነፉም አሳምራ አትነግረውም።

በዚህ ዓመት ሰርዲኖች ስድሳ ዓመት ሞላቸው። በእኛ ዘንድ ሰው ስድሳ ሲሞላው ቀይ ሰደርያ ለብሶ ቀይ ቆብ ደፍቶ እንደ አዲስ ይወለዳል። "ቡድን ሰው አይደለም ወይ?" አለ ኢዋኦ፤ አሮጌውም አዲሱም ተጫዋች ቀይ ሰደርያ እንዲሰፋለት ተወሰነ። ደግሞም የስድሳ ዓመቱ ምርጥ ዘጠኝ ተጫዋቾች ስም በሰሌዳ ተጽፎ የተጫዋቾቹ መቀመጫ ጣሪያ ሥር እንዲሰቀል ተስማሙ። ሰሌዳውን የሰጠችው ኪኑኤ ናት። ጀልባ ሠሪው ሹዞ ለአንድ ጀልባ መሠረት ይሆናል ብሎ አሥር ዓመት ጥላ ውስጥ ያደረቀው የጥድ ሳንቃ ነበር።

ምርጫው የተካሄደው በአንድ ዝናባም ሰኞ ጠዋት፣ በኢዋኦ ፀጉር ቤት ነው። ሰኞ ፀጉር ቤቱ ዝግ ነው። ሠላሳ አንዱ መዝገብ በመስተዋቶቹ ሥር ከሽቶና ከምላጭ ጋር ተደርድሯል። ኢዋኦ ሳንቃውን ሁለት በርጩማ ላይ አጋድሞ ቀለም በጥብጦ ብሩሹን አዘጋጅቷል፤ ከወደቡ ሰው የሱን ያህል የሚያምር የእጅ ጽሑፍ ያለው የለም። የአሁኑ ቡድን ሁለተኛ ቤዝ ተከላካይ የሆነችው ፋርማሲስቷ ናትሱኪ ካልኩሌተር ይዛለች። ገንጎ ደግሞ ማንም ሳይጋብዘው ፀጉር መቁረጫው ወንበር ላይ ወጥቶ ተንሰራፍቷል። በእግር እየተረገጠ ከፍ የሚል ወንበር ነው፤ ገንጎ ክርክር ባሸነፈ ቁጥር ፔዳሉን ጢቅ ጢቅ አድርጎ አንድ ስንዝር ከፍ ይላል። ሲሸነፍ ኢዋኦ መጥቶ ማንሻውን ይጫንና ገንጎ ፊሽሽ እያለ ይወርዳል።

"ከመጀመራችን በፊት" አለች ኪኑኤ፣ "ሕጉን እንናገር። ሁለት መቶ ጊዜና ከዚያ በላይ ለመምታት የቆመ ብቻ ይወዳደራል። ከዚያ ከሺህ ጊዜ ስንቱን እንደመታ መዝገቡ ይፍረድ።"

"መዝገቡ ይፍረድ!" አሉ ሁሉም። እንዲህ ብለው ሦስት ሰዓት ሙሉ ጮኹ።

ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ ኳሱን የሚቀበለውን ያዥ መምረጥ ቀላል ሆነ። ሁለት መቶ ጊዜ የቆመ ሌላ ያዥ ስላልነበረ፣ ኢዋኦ ብቻውን ሮጦ አንደኛ ወጣ።

"ከሺህ አንድ መቶ ዘጠና ዘጠኝ" ስትል ናትሱኪ ውጤቱን አነበበች። "ጋሽ ኢዋኦ፣ ይኼ የመምታት ውጤት ነው ወይስ የስልክ ቁጥር?"

"ዝም በይ አንቺ! ጣቴ ሦስት ጊዜ ተሰብሯል። የተሰበረ ጣት ይቆጠራል?"

"በመዝገቡ አይቆጠርም" አለች ኪኑኤ።

ኢዋኦ የራሱን ስም ለመጻፍ ሩብ ሰዓት ፈጀ። ከሌሎቹ ሁሉ የሱ ጽሑፍ ያምራል።

የግራው ሜዳ ክርክር ግን ቤቱን ሊያፈርሰው ነበር። በካጊኡራ ሜዳ በግራ በኩል አጥር የለም፤ የባሕሩ ግንብ ብቻ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት ፖስተኛው ወደ ባሕር የሚሄድ ኳስ ተከትሎ ሮጦ፣ ግንቡን ዘልሎ፣ አየር ላይ ይዞት ባሕር ውስጥ ገባ። ጠልቆ ጠፋ። ከዚያ መጀመሪያ ጓንቱ ብቻ ከውኃው በላይ ብቅ አለ፤ ኳሱም በውስጡ ነበር።

"ውኃ ነክቶታል! ውኃ ሜዳ አይደለም!" አለ ገንጎ።

"አልነካውም" አለች ኪኑኤ። አራተኛውን መዝገብ ገልጣ፣ ከገጹ ጠርዝ ላይ በደቃቅ ጽሑፍ የሰፈረውን አሳየቻቸው። *ኳሱ ደረቅ፣ ተጫዋቹ እርጥብ።*

ናትሱኪ ሳቋ አፍኗት ካልኩሌተሩን ጣለች። ገንጎ ፊሽሽ ብሎ ወረደ።

እንዲህ እንዲህ ሲሉ ስምንት ስም ተጻፈ። የቀረው የሾርትስቶፑ ቦታ ብቻ ነበር፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል ቆሞ አስቸጋሪውን ኳስ ሁሉ የሚለቅመው ሰው። በሰርዲኖች ታሪክ ይህን ቦታ ሃያ ዓመት የተናጠቁት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ገንጎ ነው። ሌላው ሹዞ።

ድንገት ሁሉም ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመሩ። ከዚያ ኢዋኦ ብሩሹን ቀለም ውስጥ እየነከረ፣ ማንንም ሳያይ፣ "እንግዲህ... ሹዞን እጽፋለሁ" አለ። "ሳንቃውም የሱ ነው።"

"እኔም ያልኩት ነው" አለ ገንጎ ከወንበሩ ላይ። ድምፁ የደግ ሰው ድምፅ ነበር፤ አልለመደበትም።

ኪኑኤ መነጽሯን አወለቀች። ልቧ የሹዞ ስም በዚያ ሳንቃ ላይ እንዲያርፍ ምን ያህል እንደሚመኝ እሷ ታውቃለች፤ ሳንቃውን ስትሰጥ በእጇ ዳብሳ "እዚህ ጋ" ብላ ቦታውን ሳይቀር መርጣለታለች። ነገር ግን ሰማይ ዝቅ ምድር ከፍ ቢል በችሮታ አይሆንም። ሹዞ ሳለ አንዲት ነጥብ ሰርቃ ያልሰጠችውን፣ ሞቶ እምቢ ብሎ መመለስ በማይችልበት ጊዜ ልትሰጠው?

"ኢዋኦ፣ ብሩሹን አስቀምጥ። ናትሱኪ፣ አስዪ። ገንጎ 742 ጊዜ ቆሞ 195 መትቷል። ሹዞ 811 ጊዜ ቆሞ 209።"

ናትሱኪ ቁልፎቹን ነካካች። "ጋሽ ገንጎ ከሺህ 263። ጋሽ ሹዞ... 258።" የመጨረሻውን ዝቅ አድርጋ ነው ያለችው።

"ገንጎን ጻፍ" አለች ኪኑኤ።

"ቆይ!" ኢዋኦ ብሩሹን እንደ ጎራዴ አነሣ። "ቆይ ቆይ! የማን መዝገብ ነው 258 የሚለው? ያንቺ! ሹዞን በምን እርሳስ እንደጻፍሽው አገር ያውቃል። ለኛ እርሳስ፣ ለሱ መጥረቢያ!"

"ያየሁትን ነው የጻፍኩት።"

"ከጨው ፋብሪካው ጋር ስንጫወት፣ ሁለተኛ ቤዝ ላይ የነጠረችው ኳስ? ያ ስህተት ነበር?"

"ስህተት ነበር።"

"ተከላካዩ ተጋድሞ እጁን ዘርግቶ እንኳ አልደረሰባትም! እኔ ተቀምጬ እያየሁ!"

ከዚያ በኋላ ያለውን ለመናገር ያስቸግራል። የስድሳ፣ የሰባ ዓመት ሰው በሚያንሸራትት ወለል ላይ ኳስ ሆኖ ሲንከባለል አይታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ። ኢዋኦ መጥረጊያ ይዞ መቺ ሆነ። ናትሱኪ የፎጣ ጥቅል ወረወረችለት። ገንጎ፣ ምንም ቢሆን ሾርትስቶፕ ነውና፣ ከወንበሩ ዘልሎ ወርዶ የሹዞን አሯሯጥ አስመሰለ፤ ሹዞ ሲሮጥ ከወገቡ በላይ ወደ ቤዙ፣ ከወገቡ በታች ወደ ቤቱ የሚሄድ ይመስል ነበር። ኪኑኤ እንኳ አፏን በመዝገብ ሸፈነች። አንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ አሥራ አንድ አጠራጣሪ ኳሶች ቆጠሩባት።

እሷም አሥራ አንዱንም ገጽ እየገለጠች አየች። ዝናቡ የፀጉር ቤቱን መስኮት ይመታል።

"ስምንቱ ስህተት ነበሩ" አለች በመጨረሻ። "ስምንቱን ነገም ብትጠይቁኝ ስህተት ነው የምለው። ሦስቱ..." እርሳሷን በክሩ ይዛ አሽከረከረቻት። "ሦስቱ ምት ነበሩ። ስጽፍም አውቄው ነበር።"



"ታዲያ ለምን?" አለች ናትሱኪ።

"ለስላሳ እንዳይሉኝ።"

ከቦርሳዋ ውስጥ የጣት ጫፍ የምታህል ማኅተም አወጣች። በጽሕፈት ቤት የተጻፈ ነገር አይፋቅም፤ ሁለት ቀጭን መስመር ይሰመርበታል፣ እውነተኛው ከላይ ይጻፋል፣ ያረመው ሰው ማኅተሙን ያሳርፍበታል። የዛሬ ሃምሳ ዓመት ሥራ ስትጀምር የተማረችው ይህንን ነው። ሁለት መስመር፣ "ምት"፣ ከዚያ ክብ ቀይ ማኅተም፤ ናጋኦ። ሦስት ጊዜ።

"212 ለ811" አለች ናትሱኪ። "ከሺህ 261።"

"263 እና 261" አለች ኪኑኤ። "አሁንም ገንጎ ነው። ጻፍ።"

ገንጎ ወንበሩ ላይ ተመልሶ ነበር። ፔዳሉን ረገጠ፤ ጢቅ። ደግሞ ረገጠ፤ ጢቅ ጢቅ። ጫፍ ደረሰ። ራሱ ጣሪያውን ሊነካ ምንም አልቀረው። ከዚያ ላይ ሆኖ ሰውን ሁሉ ቁልቁል አየ። "እንኳን ደስ ያለህ" ያለው የለም። ኢዋኦ ብሩሹን በቀስታ፣ በጣም በቀስታ፣ ቀለም ውስጥ ይነክራል። አኩሪ አተር ሲፈጭ የኖረው የገንጎ ወፍራም እጅ የወንበሩን መደገፊያ ጨበጠ፣ ለቀቀ። ከዚያ ራሱ ማንሻውን ተጫነው፤ ፊሽሽ ብሎ እስከ ታች ወረደ።

"አሥራ ሁለተኛ አለች" አለ።

"ምን አሥራ ሁለተኛ?"

"በዝናብ ከመረብ ፋብሪካው ጋር የተጫወትነው። የዛሬ አርባ ዓመት። ኢዋኦ ጣቱ ተሰብሮ ሆስፒታል ነበር፤ ናትሱኪ አልተወለደችም። እኔ ሁለተኛ ቤዝ ላይ ሯጭ ነበርኩ። ሹዞ መታት፤ በእግሬ ሥር አለፈች፤ ዘለልኳት። ሦስተኛ ቤዝ ላይ ያለው ልጅ ጓንቱን እንኳ አላስነካትም። ከወንዝ የጠራች ምት ነበረች። አንቺ ስህተት ብለሽ ጻፍሽ።"

ኪኑኤ ዘጠነኛውን መዝገብ ሳትፈልግ አወጣችው። ገጹን ሳትቆጥር ገለጠችው። ታችኛው ጥግ ላይ የደረቀ ጭቃ አለ።

"መዝገቡ ስህተት ይላል" አለች። ድምፅዋ ግን እንደ ወትሮው አልነበረም።

"መዝገቡን ተይው። አንቺ ምን አየሽ?"

አርባ ዓመት ሙሉ ለዚህ ጥያቄ አንድ መልስ ነበራት። አፏ ድረስ መጣ። ወደ ገንጎ አየች፤ የገዛ ስሙን ከሳንቃው ላይ ለመፋቅ የሚከራከረውን ይህን ጉረኛ አየች። እጇ አንገቷ ላይ ወዳለው ክር ሄደ።

"አላየሁም" አለች።

"ምን?"

"አላየሁም! ንፋስ እርሳሴን ጣለብኝ፤ አግዳሚው ሥር ተንከባለለ። ጭቃው ውስጥ በጉልበቴ እየዳህኩ ስፈልግ የበትሩን ድምፅ ሰማሁ። ቀና ስል ሹዞ አንደኛ ቤዝ ላይ ቆሟል፤ አንተ ዞረህ ነጥብ አስቆጥረሃል። አጠገቤ የናትሱኪ አያት ተቀምጠዋል፤ 'ምን ነበር?' አልኳቸው። 'ስህተት መሰለኝ' አሉኝ። ጻፍኩት።"

"አያቴ?!" አለች ናትሱኪ። "አያቴ እኮ ከአፍንጫቸው ማዶ አያዩም ነበር! መድኃኒት በማሽተት ነው የሚለዩት!"

"የዓሣ ጥብስ አፋቸውን ሞልተው ነበር" አለች ኪኑኤ በትንሽ ድምፅ። "ምናልባት ሌላም ነገር ብለው ይሆናል።"

መጀመሪያ የፈነዳው ኢዋኦ ነው። መጥረጊያውን ተደግፎ ሳቀ፣ መጥረጊያው ተንሸራተተ፣ መሬት ላይ ተቀምጦ ሳቀ። ናትሱኪ የመላጫ አረፋ ያለበት ዕቃ ላይ ተደፋች፤ ስትነሣ ጢም አብቅላለች። ገንጎ ወንበሩን እንደ እብድ እያሽከረከረ "አላየችም! አላየችም!" እያለ ይዞራል። "አርባ ዓመት! ከዳኛው ይልቅ እሷን ስፈራ! ሽንት ቤት ስሄድ እንኳ የምታይ ይመስለኝ ነበር!"

"ስለዚህ የኔም 199..." አለ ኢዋኦ ከመሬት እንባውን እየጠረገ።

"ያንተን አይቻለሁ" አለች ኪኑኤ።

እንደገና ሳቁ። እሷም ሳቀች፤ ከኅዳር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአንጀቷ ሳቀች፤ ሳቋ አልቆም ስላላት መነጽሯን አውልቃ ፊቷን በኢዋኦ ፎጣ ሸፈነች፤ ፎጣው ውስጥ ትንሽ ቆየች። ማንም አላስቸኮላትም።

"ሹዞ አይቶኛል" አለች ስትወጣ። "አንደኛ ቤዝ ላይ ሆኖ፣ ጭቃ በጭቃ ሆኜ ከአግዳሚው ሥር ስወጣ ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ምት እንደሆነች እሱ ያውቃል፤ እንዳላየሁም ያውቃል። ማታ 'እርሳሱ ተገኘ?' ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። ጠዋት ይህችን ክር አምጥቶ እርሳሴን አሰረልኝ። የጀልባ ክር ናት፤ አትበጠስም። ከዚያ እስኪሞት አንድም ቀን አላነሣትም።"

ገንጎ መሽከርከሩን አቆመ።

"በሕጉ የሚያርመው ያየ ሰው ነው" አለች ኪኑኤ፣ መዝገቡን ወደሱ እየገፋች። "እኔ አላየሁም። አንተ አይተሃል። ማኅተምህን ይዘሃል?"

ሁለት መስመር ሰመረች፤ "ምት" ብላ ጻፈች። ቶፉ ሠሪው ከኪሱ ማኅተሙን አውጥቶ፣ በገዛ ራሱ ላይ መሰከረ። እሷ ከጎኑ የራሷን አሳረፈች። አሁን ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የካልኩሌተሩ ቁልፍ ብቻ ነው።

"213 ለ811" አለች ናትሱኪ። አየች። ዓይኗን ጨፍና ገለጠች። "ከሺህ... 263!"

"እኩል!" ኢዋኦ ጣሪያ ሊነካ ዘለለ። "እኩል ናቸው! በሉ ሁለቱንም እጽፋለሁ! አሥር ሰው ይሁን! ማን ይከሰናል?"

ገንጎ ናትሱኪን አቅፎ ሊጨፍር ነበር። ኪኑኤ ግን ጣቷን አነሣች። እኛ ይህችን ጣት እናውቃታለን።

"ናትሱኪ፣ ቀጥዪ። አራተኛው አኃዝ ስንት ነው?"

"አክስቴ ኪኑኤ፣ እባክዎ! አራተኛ አኃዝ ማን ቆጥሮ ያውቃል?"

"መዝገቡ ይፍረድ ብለናል። አንብቢ።"

"ጋሽ ሹዞ... ከአሥር ሺህ 2626።" "ጋሽ ገንጎ 2628።"

ፀጉር ቤቱ እንደ ዶሮ ቤት ተንጫጫ። ኢዋኦ "ይህች ሴት ልብ የላትም!" እያለ በቀለም ብሩሹ ወደ ሰማይ ያመለክታል፤ ናትሱኪ ካልኩሌተሩ ተበላሽቷል ብላ ትማላለች። ከሁሉ በላይ የጮኸው ያሸነፈው ሰው ነው።

"አልቀበልም! በሁለት? ከአሥር ሺህ በሁለት? በዚህ ቶፉ እንኳ አይመዘንም! ቆይ፣ ከጠማቂዎቹ ቡድን ጋር ስንጫወት የመታኋት የሁለት ቤዝ ምት አለች አይደል? እሷን ሰርዢ! አንደኛውን ቤዝ አልረገጥኩትም! ዘልዬው አለፍኩ! ቤዝ ያልረገጠ ምቱ አይቆጠርለትም!"

"ማን አየ?"

"ሹዞ! እዚያው አንደኛ ቤዝ ጎን ቆሞ ሯጭ ይመራ ነበር። እግሬን አየ፤ እኔን አየ፤ ከዚያ ወደ ባሕሩ ዞሮ ማፏጨት ጀመረ።"

"ሌላስ?"

"ማንም።" ገንጎ ጎንበስ ብሎ በጣቱ ማኅተሟን ነካ። "ግን ይህች ማኅተም የሱም አይደለች? ናጋኦ ነው የምትለው፤ የሁለታችሁ የቤት ስም። አንዴ ነው። አሳርፊያት፤ የሹዞ ስም ይጻፍ።"

ኪኑኤ ማኅተሟን መዳፏ ላይ አገላበጠቻት። እርግጥ ነው፤ የሱ ነበረች። የራሷ ከተሰነጠቀ ወዲህ በዚህች ነው የምትሠራው፤ ጎኗ ላይ የሹዞ አውራ ጣት ያሟሟው ቦታ አለ። አንዲት ቀይ ክብ፣ ከዚያ የሹዞ ስም የሹዞ ጥድ ላይ፣ ራሷ በመረጠችለት ቦታ። ዝናቡ አባርቷል። ከወደቡ የጀልባ ሞተር ይሰማል።

"አንደኛ" አለች፣ "ተጋጣሚው የዚያኑ ሰዓት ካልጠየቀ ምቱ ይጸናል፤ ሕጉ ነው። ሁለተኛ፣ ሹዞ የኔን አይቶ ዝም አለ። ያንተንም አይቶ ዝም አለ፣ አፏጨም። ያየውን ያህል አይቶ፣ ዝም ያለውን ያህል ዝም ብሎ ሄደ። ያልከፈተውን አፍ እኔ አልከፍትለትም።" ማኅተሟን ቦርሳዋ ውስጥ ጣለች። "ኢዋኦ፣ ጻፍ። ሾርትስቶፕ፣ ገንጎ ማትሱኡራ።"

ኢዋኦ ጻፈ። የመጨረሻውን ጭረት ሲጨርስ ገንጎ አፍንጫውን ይጠርግ ነበር፤ የቀለሙ ሽታ ነው አለ።

በማግሥቱ ጠዋት ኪኑኤ ፎቶው ፊት ሩዝ ስታኖር "2626" አለችው። "በሁለት ተሸነፍክ። እርሳሱም ተገኝቷል።"

እሑድ ጎሕ ሲቀድ ሜዳው ቀይ በቀይ ሆነ። ሠላሳ ሽማግሌ በቀይ ሰደርያና በቀይ ቆብ ሲሮጥ ከባሕር ላይ ያዩት ዓሣ አጥማጆች እሳት የተነሣ መስሏቸው ለእሳት አደጋ ደውለዋል። ሰሌዳው ጣሪያው ሥር ተሰቅሏል። የስድሳ ዓመቱ ታላቅ ሾርትስቶፕ ገንጎ በሰባ አራት ዓመቱ ለአንድ ዙር ብቻ ልጫወት ብሎ ለምኖ ገባ። ቆቡን አስተካከለ፣ ለሰሌዳው እጅ ነሣ፣ ጉልበቱን ሸብረክ አድርጎ ተዘጋጀ።

የመጀመሪያዋ ኳስ ወደሱ መጣች። ሕፃን የሚይዛት፣ የምትንከባለል፣ ጨዋ ኳስ። በሁለት እግሮቹ መካከል ሰላም ብላ አለፈች፣ ግንቡን ዘልላ፣ ባሕር ገባች።

ሜዳው በሳቅ ተናወጠ። ኢዋኦ ከቦታው "ይህ ነው ታላቁ! ስሙን ፍቁት!" እያለ ይጮኻል።

"ፀሐይ ዓይኔ ውስጥ ገብታ ነው!" አለ ገንጎ።

"ደመና ነው!" አለች ናትሱኪ ከሁለተኛ ቤዝ።

ገንጎ ወደ አግዳሚው ዞረ፣ እጆቹን እንደ ለማኝ ዘረጋ። "እመቤት ኪኑኤ! እውነቱን ተናገሪ፤ አሁንስ እርሳስሽን ትፈልጊ አልነበረም? አይተሻል?"

እርሳሱ በጀልባው ክር አንገቷ ላይ ነበር። ኳሷ ባሕር ሳትደርስ ጽፋ ጨርሳለች።

"አይቻለሁ" አለች።